“ና” የምትባለዋ ፊደል

“የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት።” ስሙ ረዘም ያለ ነው፤ የእኔ ዐይን ግን ሁልጊዜ የሚያርፈው መሐል ላይ በተሰነቀረችው “ና” ላይ ነው። ሁለት ሥራዎችን ታያይዛለች። አንዱ ባለሥልጣኑን “ገንዘቡ የት ገባ?” ብሎ የሚጠይቅ ነው። ሌላው ባለሥልጣኑ ስለ ገንዘቡ ምን ብሎ ቢመልስ እንደሚያምርበት የሚያሰናዳ ነው። ሁለቱም ሥራ ነው፤ ሁለቱም እንጀራ ነው። ግን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ልጅ ራስ ውስጥ አብረው ሲገቡ ምን ይወለዳል? በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። የእኛንም ተመራቂ “ምን ትሠራለህ?” ብትሉት “ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩት” ይላችኋል። የጠየቃችሁት ሌላ፣ የመለሰላችሁ ሌላ።

ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚወራው ከስድስት ኪሎ ሆኖ ነው። ስንት አስመረቀ፣ ማስተርስ መቼ ከፈተ፣ ዶክትሬት ጀመረ ወይ፣ ይባላል። እኔ ደግሞ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ሆኜ ላየው ፈለግሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው። ሦስቱም ከተሞች ለዚያ ትምህርት ቤት የታክሲ መንገድ ናቸው። አንዱ ከአስኮ አለፍ ብሎ፣ አንዱ ከዓለምገና ወዲያ፣ አንዱ ከእንጦጦ ጀርባ። የትምህርቱ ፍሬ ሩቅ አገር ባይደርስ እንኳ እዚህ መታየት ነበረበት።

ጋዜጣ በዚች አገር ከትምህርት ቤቱ እጅግ ይቀድማል። ብርሃንና ሰላም መታተም የጀመረው በ1917፣ አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ መሐንዲሱንም ሐኪሙንም ሕግ ዐዋቂውንም ሲያስመርቅ ጋዜጠኛው ግን እዚያው ሥራው ላይ እየተዳፋ ነበር የሚማረው። አለቃው ጽሑፉን በቀይ እስክሪብቶ ያርመዋል፤ በሦስተኛው ጊዜ ይገባዋል። ዕድል የቀናው ባሕር ማዶ ይሄዳል፤ በዓሉ ግርማን የመሰለው ሚቺጋን ስቴት ሄዶ ተምሮ መጣ። በደርግ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ዞረ። በዓሉስ በኋላ ምን ገጠመው? ኦሮማይን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ በ1976 ዓ.ም. የገባበት ጠፋ። ሙያው ትምህርት ቤት ባይኖረውም የፈተና እጦት አልነበረበትም።

ከዚያ አዋጅ ቁጥር 34/1985 መጣና ሳንሱር ተነሣ። ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። አዙሪና አንባቢ ተገናኙ፤ ዐርሞ የሚያስተምር አለቃ ግን በየጋዜጣው አልነበረም። ሥልጠና ያስፈልጋል የሚባለው ያኔ ነው የበረታው። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ተቋም ተቋቋመ። የማን ሆኖ? የማስታወቂያ ሚኒስቴር። እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሬዲዮው የሚኒስቴሩ፣ ቴሌቪዥኑ የሚኒስቴሩ፣ አዲስ ዘመኑ የሚኒስቴሩ፤ አሁን ደግሞ ማሠልጠኛውም የሚኒስቴሩ። አሠሪው ራሱ አስተማሪ ሆነ ማለት ነው። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የታክሲው ባለቤት ቢሆን ምን ትሉ ነበር?

ዩኒቨርሲቲው በዚህ ሙያ በራሱ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ በኖርዌይ መንግሥት ገንዘብ፣ ክርስቲያንሳንድ ከሚገኘው የጊምለኮለን የጋዜጠኝነት ኮሌጅ ጋር ተባብሮ የማስተርስ ፕሮግራም ከፈተ። ያ ማሠልጠኛ ተቋምም ወደ ዩኒቨርሲቲው ተጠቃለለና የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥ ሆነ። ፋኩልቲ ተባለ፤ ቆይቶም ትምህርት ቤት ተባለ፤ ዶክትሬትም ጨመረ። ዩኒቲን የመሳሰሉ የግል ኮሌጆችም፣ ባሕር ዳርም፣ ጅማም፣ ሐዋሳም፣ መቐለም የየራሳቸውን ከፈቱ። በቁጥር ከሄድን ዕድገት ማለት ይሄ ነው፤ ማንም አይክደውም።

በዚያ ዘመን ዲን ሆነው ከመጡት ሰዎች አንዱን ሳላነሣ ማለፍ ይከብደኛል። ፕሮፌሰር አብይ ፎርድ። አባታቸውም እናታቸውም ከባርቤዶስ የተነሡ ነበሩ፤ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ኢትዮጵያን አገራችን ብለው የመጡ ጥቁሮች። እናታቸው ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ የልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤትን የመሠረቱ ናቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ተወልደው፣ አሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረዥም ዓመታት ፊልም አስተምረው፣ በሽምግልናቸው ተመልሰው ይህን ትምህርት ቤት መሩ። ዛሬ በሕይወት የሉም። እኚህን የመሰለ ሰው ትቶት የመጣውን ሳስብ ትምህርት ቤቱን እንዲያው በጅምላ ማጣጣል አልችልም። መምህራኑም ቢሆኑ የሚችሉትን አድርገዋል፤ የተገለበጠ ፒራሚዱንም፣ “ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት”ንም አስተምረዋል።

ችግሩ ከክፍሉ ውጪ የሚታየው ነገር ነበር። ማስተርሱ በተከፈተ በዓመቱ ምርጫ 97 መጣ። በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ጋዜጠኞች ከፖለቲከኞቹ ጋር ታሰሩ፤ ብዙ ጋዜጦች በዚያው ቀሩ። በ2002 ዓ.ም. አዲስ ነገር አዘጋጆቹ ተሰደው ተዘጋ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ “ጋዜጠኛ የሕዝብ ዐይንና ጆሮ ነው” ብሎ ሲጽፍ ተማሪው በመስኮት ዐይንና ጆሮው የት እንዳለ ያያል። ልጅ ሞኝ አይደለም። የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ለማወቅ ማስተርስ አያስፈልገውም።

ክፍቱ በር ደግሞ በ2001 ዓ.ም. በሰፊው ተበረገደ። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ፈረሰና በምትኩ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በየክልሉ ቢሮ፣ በየዞኑ፣ በየከተማው፣ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት። ዋናው መሥሪያ ቤት በ2011 ዓ.ም. ቀረ ተብሎ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. “የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት” ተብሎ ተመለሰ። ከታች ያለው ግን ንቅንቅ አላለም። ለተመራቂው ደመወዝ አለው፣ ጡረታ አለው፣ ካሜራና መኪና አለው፣ አበልም አለው። ጋዜጣ ቤቱስ ምን አለው? ሦስት ወር ያልተከፈለ የቤት ኪራይ። በዚህ ጊዜ ነው “ና” ማያያዣነቷ ቀርቶ ትእዛዝ የሆነችው። ኮሙኒኬሽን ጋዜጠኝነትን “ና!” አለው። እሱም ሄደ።

እንግዲህ ወደ ከተሞቹ እንውጣ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሰበታና ቡራዩ እያንዳንዳቸው ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራቸው፤ ሱሉልታ ከዚያ ታንስ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሲቋቋም ሦስቱም እዚያ ገቡ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የሸገር ከተማ አካል ሆኑ። የሕዝቡ ብዛት ዛሬ ከዚያ ቆጠራ ጋር አይገናኝም፤ ያን ዘመን ዐውደማ የነበረው ሁሉ ዛሬ ብሎኬት ነው። አዲስ አበባ ቤት ኪራይ የገፋው ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ከተገፉት ውስጥ ደግሞ ጋዜጠኞች አሉበት! አዎ፣ ማታ ቡራዩ ያድራሉ፤ ጠዋት አስኮን አልፈው አዲስ አበባ ገብተው ስለ አዲስ አበባ ይጽፋሉ። ያደሩበት ከተማ ዜና አይደለም። ዜና የሚሆነው ሲቃጠል ብቻ ነው።

ታዲያ ከእነዚህ ከተሞች የሚወጣው “ዜና” ምን ይመስላል? በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ባሕርዩ አንድ ነው። “የከተማዋ ነዋሪዎች በልማቱ ተጠቃሚ መሆናቸው ተገለጸ።” ማን ገለጸ? “በመድረኩ ላይ ተጠቆመ።” ማን ጠቆመ? “ጥያቄዎች ተነሥተው ምላሽ ተሰጥቶባቸዋል።” የምን ጥያቄ? ምን ተብሎ ተመለሰ? ያ ልጅ እኮ አራት ዓመት ሙሉ “ማን?” የሚል ጥያቄ ሲጠና የኖረ ነው። ሥራ ይዞ በስድስት ወሩ “ማን” ከቋንቋው ወጣች። “ተ” የምትባል ቅጥያ ገባችና ሁሉም ነገር በራሱ የሚሆን ሆነ፦ ታቀደ፣ ተመረቀ፣ ተነሡ። የአማርኛ ሰዋስው መምህር ይህን ተደራጊ ግሥ ይለዋል። እኔ ተጠያቂ የሌለው ግሥ እለዋለሁ።

ከሦስቱ ከተሞች ወደ አንዱ ጽሕፈት ቤት (የትኛው እንደሆነ ይቅር) አንድ ቀን ጎራ ብዬ ነበር። የጠየቅሁት አገር የሚንድ ነገር አይደለም፤ የውኃ ፈረቃው ለየትኛው ሠፈር በየትኛው ቀን እንደሆነ ነው። ያነጋገረኝ ወጣት ትሑት ልጅ ነው፤ ጋዜጠኝነት የተማረ። “የትብብር ደብዳቤ ይዘዋል?” አለኝ። ለፈረቃ? “መመሪያ ነው ጋሼ።” ሻይ ጋበዘኝ፤ ደግ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም ነገረኝ። ስለ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የዜና አዘጋገብ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። ፈረቃውን ግን አልነገረኝም። ኋላ ላይ የነገረችኝ ደጁ ላይ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ናት፣ ከነቀኑ።

የሚጻፍ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ውኃውን ብቻ እንያዝ። የገፈርሳ ግድብ ቡራዩ አጠገብ ነው፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ ኖሯል። ከግድቡ ሥር ያለው ነዋሪ ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ ወረፋ የሚጠብቅበት ምክንያት ምንድን ነው? ሱሉልታ ላይ ምንጭ እያሸጉ የሚሸጡ ፋብሪካዎች አሉ። ፈቃዱ ምን ይላል? በቀን ስንት ይቀዳል? ለከተማዋ ምን ይቀራል? ሰበታ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። የወንዟን ውኃ የሳይንስ ተማሪዎች ናሙና እየቀዱ መርምረውታል፤ ጥናቱ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ከወንዙ ከብት የሚያጠጣው ሰውዬ ግን ያን ጥናት በምን ይሰማዋል? በዚህ መሐል መቆም የነበረበት ጋዜጠኛው ነበር። ሜታ አቦ ቢራ እ.ኤ.አ. በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ለዲያጆ ሲሸጥ የአዲስ አበባ ጋዜጦች ዋጋውን ጻፉ። ሰበታ ለሚኖረው ሰው ያ ሽያጭ ምን ማለት እንደሆነ የሚጽፍ የሰበታ ጋዜጣ አልነበረም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የመሬቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለሚለቅ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳ ሲያሰላ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘውን አማካይ የዓመት ገቢ በዐሥር እንዲባዛ ያዛል። ሒሳቡ ይሄው ነው፤ አንድ ገጽ አይሞላም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው አዋጅ 1161 ይህን ቀይሮ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንዱ ዓመት ገቢ በዐሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ሱሉልታ ላይ ጤፍና ገብስ ሲዘራ የኖረ ገበሬ በየትኛው ስሌት እንደተከፈለው፣ የስንት ኩንታል ዋጋ እንደተያዘለት፣ ቅሬታውን በስንት ቀን የት ማቅረብ እንደሚችል በቋንቋው የሚያስረዳው ጋዜጣ ቢኖር ኖሮ የስንቱ ቤት ነገር በተለወጠ! ይህ አብዮት አይጠይቅም። ካልኩሌተርና አዋጁን ይጠይቃል፣ ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራትንም።

ያ ሳይደረግ ቀረና ምን ሆነ? በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ጉዳይ ተማሪውን አስነሣ፤ ሰው ሞተ። በ2008 ዓ.ም. እንደገና በባሰ ሁኔታ ፈነዳና ጥር ላይ ዕቅዱ ቀረ ተባለ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም፣ ከቢሾፍቱው የኢሬቻ እልቂት በኋላ፣ ሰበታ ላይ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። ካሜራው ሁሉ ያን ጊዜ መጣ። ጭሱን ቀርፆ ሄደ። ጭሱ ከየትኛው ማሳ፣ ከየትኛው ካሳ እንደተነሣ ለማወቅ ግን ከዐሥር ዓመት በፊት ጀምሮ እዚያ መገኘት ነበረበት።

ቡራዩ 2011 ደግሞ አለ። በዚያ ዓመት መስከረም መጀመሪያ ላይ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የሆነው ሁላችንም የምናውቀው ነው። አምነስቲ 58 ሰው ተገድሏል አለ፤ ፖሊስ መጀመሪያ የተናገረው ከዚያ ያነሰ ነበር። የተፈናቀለው ሕዝብ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለለ። በእነዚያ ቀናት ቡራዩ ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበር ለማወቅ የፈለገ ሰው የት ሄደ? ፌስቡክ። እዚያ ላይ እያንዳንዱ የራሱን ሬሳ ብቻ ይቆጥር ነበር። የአንዱ ወገን የሌላውን ይክዳል፤ የሌላ ቦታ ፎቶግራፍ የቡራዩ ተብሎ ይለጠፋል። ከተማዋን መንደር በመንደር የሚያውቅ፣ ነዋሪው በሁለቱም ቋንቋ የሚያምነው፣ “ይሄ እውነት ነው፣ ይሄኛው ውሸት ነው” የሚል አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አልነበረም። የጋዜጠኝነት ትምህርት ያላቸው ልጆች ግን በከተማው ነበሩ። በዚያች ሰዓት ሥራቸው መግለጫ መጠበቅ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ቤቶች ሲፈርሱም ያው ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሰው ልኮ፣ ጠይቆ፣ መዝግቦ መግለጫ አወጣ። ኮሚሽኑ የሚመሰገን ሥራ ሠርቷል። ግን እኮ “ማን አፈረሰ፣ የማን ቤት ፈረሰ፣ ማስጠንቀቂያ በስንት ቀን ተሰጠ” ብሎ ቤት ለቤት መጠየቅ የማን ሙያ ነበር?

አሜሪካ ሚዙሪ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ከፈተ። የመጀመሪያው ዲን ዋልተር ዊሊያምስ የዚያችው የኮሎምቢያ ከተማ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ ኮሌጅ የሚባል አልገባም። ትምህርቱ በተጀመረበት ቀን ተማሪዎቹ ጋዜጣ ማተም ጀመሩ። የክፍል መለማመጃ እንዳይመስላችሁ፤ የከተማዋ ነዋሪ የሚገዛው ጋዜጣ ነው። ተማሪው የማዘጋጃ ቤቱን ስብሰባ ይዘግባል፤ ተሳስቶ ከጻፈ ማግስቱን ከንቲባው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ያቺ ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤቱ ማሳ ሆነች። እስከ ዛሬም ድረስ ይሠራል።

የእኛ ትምህርት ቤት ማሳው የት ነው? ያየኋቸው የመመረቂያ ጽሑፎች አብዛኞቹ አዲስ ዘመንን፣ ኢቲቪንና ሪፖርተርን ይተነትናሉ። ያልተጻፈውን ማን ይተንትን? ጋዜጣ ስለ ጋዜጣ ይጻፋል፣ ጥናት ስለ ጋዜጣው ጽሑፍ ይጻፋል፤ ሰበታ ግን እዚያው ናት። ተማሪው የሥራ ልምምድ ሲወጣ ደግሞ፣ እስቲ ገምቱ፣ ብዙው የሚላከው የት ነው? ወደ ሕዝብ ግንኙነት።

“ቀላል መስሎህ ነው” የሚሉኝ አሉ፤ እሰማለሁ። ገንዘብ የለም ይላሉ። የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ጋዜጣን ምን እንዳደረገው አውቃለሁ፤ ግን ዛሬ ለአንድ ከተማ ወሬ ወረቀት ግድ አይደለም፤ ስልክ ይበቃል፤ ዩኒቨርሲቲውም 99.4 ላይ የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለው። ሕጉ አይፈቅድም የሚሉም አሉ። የ1999ኙ የብሮድካስት አዋጅም የማኅበረሰብ ሬዲዮን ያውቀዋል፤ አዋጅ 1238/2013ም ያውቀዋል። ፍርሃቱስ? እሱን አልክድም። ከ1238 በኋላም የታሰረ ጋዜጠኛ አለና “አትፍሩ” ብሎ ወንበር ላይ ሆኖ መምከር አያምርብኝም። ግን የውኃ ፈረቃን ለመጻፍ የሚያስፈልገው ድፍረት በዓሉ ግርማን የጠየቀውን ያህል አይመስለኝም።

ትልቁ ነገር ቋንቋው ነው። ትምህርቱ እንግሊዝኛ ነው፤ የሰበታ ገበሬ ኦሮምኛ ይናገራል፤ ተከራዩ አማርኛ፤ ፋብሪካው ውስጥ ጉራጊኛም ወላይትኛም ትሰማላችሁ። በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ አለቀሰ የሚባለውን ሰው ለቅሶ በየትኛው ቃል ይጻፈው? ቃል ሲያጣ “ቅሬታቸውን ገለጹ” ይላል። ሁለት ቋንቋ አሳምሮ የሚጽፍ ዘጋቢ ማውጣት የአንድ ሴሚስተር ሥራ አይደለም፤ የመግቢያ ፈተናውን ጭምር መቀየር ይጠይቃል። ሆኖም ከዚያ ልጅ የበለጠ ለቡራዩ የሚያስፈልጋት ሰው አይታየኝም፤ ሐኪሙንም ጨምሮ።

እኔ ብሆን የሦስተኛ ዓመቱን ክፍል ለሦስት እከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን ሰበታ፣ አንዱ ቡራዩ፣ አንዱ ሱሉልታ፤ ለአንድ ዓመት። ቤት ተከራይተው እዚያው ይኑሩ፤ ኪራዩ ከአዲስ አበባ ይረክሳል። እያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ ገጽ፣ በሁለት ቋንቋ። “ተገለጸ” የሚል ቃል የጻፈ ከነጥቡ ይቀነስበት። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ውኃ ነው፤ የትኛው ሠፈር፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት፤ ካልመጣም ያላመጣው ማን እንደሆነ በስሙ። ሁለተኛው ሳምንት ካሳ ነው፤ አንድ ገበሬ፣ አንድ ማሳ፣ አንድ ሒሳብ። የትብብር ደብዳቤ የሚጠይቅ ጽሕፈት ቤት ካለ፣ ጠየቀ ተብሎ እሱም ይጻፍ፤ በሩን የከፈተላቸው ሰው ደግሞ ባለፈው ዓመት የተመረቀ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።